ጥያን፣ አዳዲ ማርያምንና መልካ ቁንጡሬን ከልጆችና ከአያት ጋር በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ቅዳሜ ቤተሰቤን ይዤ ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል በሚወጣው የቡታጅራ መንገድ ለመሄድ አስቤያለሁ። የምንጓዘው እኔና ባለቤቴ፣ የዘጠኝና የአምስት ዓመት ሴት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው እናቴ ነን። አዳዲ ማርያምን መሳለም የእናቴ የቆየ ስእለት ነው፤ ትልቋ ልጄ ደግሞ ስለ ጥያ ትክል ድንጋዮች በትምህርት ቤት ተምራ ከመጣች ወዲህ ዕረፍት ነስታናለች። የጥንት ሰዎች ዱካ የተገኘበትን መልካ ቁንጡሬን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ መንገድ ለሥራ ስመላለስ ምልክቱን እያየሁ ሳልገባ ያለፍኩባቸው ዓመታት ይቆጩኛል። አንድ ወዳጄ ደግሞ «እዚያ ድረስ ከሄዳችሁ አይቀር የሀረ ሸይጣንን ሐይቅ ሳታዩ እንዳትመለሱ» ብሎኛል።

መኪናችን ዝቅ ያለች የቤት መኪና ናት። ሁሉንም በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል? ከየትኛው ብንጀምር ይሻላል? እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃና ቁልቁለት ያሳስበኛል። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የጀሞው መንገደኛ፦
ሀረ ሸይጣንን ከተዉት ሦስቱ በአንድ ቀን ይዳረሳሉ። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ ጥያ ደግሞ በዚያው አስፋልት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ተሂዶ ይገኛል። አዳዲ ማርያም በሁለቱ መካከል ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፈው በጥርጊያ መንገድ የሚደርሱባት ናት። ጥርጊያው በክረምት ለዝቅተኛ መኪና የሚመከር አይደለም፤ አሁን በጥቅምት ግን ቀስ ብለው ከነዱ ያደርስዎታል።

እኔ ብሆን ከቤት በ12 ሰዓት ተነሥቼ በቀጥታ ወደ ጥያ እሄድና ሌሎቹን በመመለሻዬ አያለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ የጥያ ሜዳ ጥላ የለውም። በቀትር ፀሐይ የአምስት ዓመት ሕፃንን በድንጋዮች መካከል ማዞር ለእርስዎም ለሕፃኗም ቅጣት ይሆናል። አዳዲ ማርያም በዓለት ውስጥ ናት፣ የመልካ ቁንጡሬ ሙዚየም ደግሞ በጎጆ ቅርጽ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ፀሐዩ ሲበረታ ጥላ ወዳለበት ይመለሳሉ ማለት ነው። ከመነሣትዎ አንድ ቀን አስቀድመው ግን በመስመሩ የሚሠራ ሹፌር ፈልገው የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቁ።

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር፦
ወንድሜ የሰጡትን ቅደም ተከተል እደግፋለሁ፤ ሌላም ምክንያት እጨምርበታለሁ። በጥያ ድንጋዮች ላይ ያሉት ቅርጾች ከድንጋዩ ገጽ እምብዛም ያልራቁ ስለሆኑ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጥላቸው ይጠፋና ድንጋዩ ባዶ ይመስላል። ጠዋት ብርሃኑ በጎን ሲያርፍባቸው ግን የሰይፎቹ ጠርዝ አንድ በአንድ ይለያል። ተማሪዎቼን በስድስት ሰዓት ወስጄ «መምህር፣ ሰይፉ የታለ?» ተብዬ ከተሸማቀቅሁበት ቀን ጀምሮ ከጠዋት በቀር ሄጄ አላውቅም።

ለልጅዎ የሚነግሯት ነገር እንዲኖርዎት ያህል፣ ጥያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን በስፍራው ካሉት 36 ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ሰይፍ አለ፣ ክብ አለ፣ የእንሰት ቅጠል የሚመስል ምልክትም አለ። ከሥራቸው በተደረገው ቁፋሮ መቃብር ተገኝቷል። የሰይፉ ቁጥር ሟቹ በጦርነት የገደላቸውን ሰዎች ያሳያል የሚል ማብራሪያ በስፍራው ይሰማሉ፤ ይህን እንደ አንድ ግምት ይስሙት እንጂ ምልክቶቹን በእርግጠኝነት ያነበበ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ሕዝቡ «የግራኝ ድንጋይ» እያለ ሲጠራቸው መኖሩም የሚያስገርም ነው፤ ድንጋዮቹ ከተተከሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ካለፉ በኋላ ለመጣው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦረኛ በሀገራችን ያልሠራው ሥራ ሁሉ ተሰጥቶታል።

መልካ ቁንጡሬን በሙዚየሙ ብቻ እንዳይጨርሱት አደራ እላለሁ። ስፍራው ባልጩት ከሚባለው የአቅራቢያው ስፍራ ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የሰው ልጅ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የኖረበትን ዱካ የያዘ ነው። ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል 700,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የሰው የእግር አሻራዎች ተገኝተዋል፤ ከእነዚህም መካከል የሕፃናት አሻራ አለ። አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ሥጋ ሲበልቱ ልጆቹ በጭቃው ላይ ይሯሯጡ ነበር ማለት ነው። እኔ የማውቃቸው ልጆች ሁሉ ዓመተ ምሕረቱን ወዲያው ረስተው ይህችን ግን ይዘው ሄደዋል።

የሦስት ልጆች እናት፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ እናትዎ ግን ማንም ስላላነሣ እኔ ልጨምር። አዳዲ ማርያም እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ወደ መሬት ተፈልፍላ የተሠራች ናት፤ የአካባቢው ትውፊትም ሥራዋን ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣል። ስለዚህ ወደ ታች መውረድ የግድ ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከደረጃው ይልቅ ያስቸገረን በውስጥ ያለው ጨለማና ያልተስተካከለው ወለል ነው፤ ጫማ ስለሚወለቅ እግር ድንጋዩን ይረግጣል። ከውጭ የገባ ዓይን እስኪለምድ ድረስ እናትዎን በሩ አጠገብ ያቁሟቸው፣ ከዚያ አንድ ሰው ክንዳቸውን ይያዝ። ወፍራም ካልሲ ብታለብሷቸው ይጠቅማቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት የሚቀደስ ከሆነ እናንተ ከጥያ ተመልሳችሁ በአምስት ሰዓት ስትደርሱ ቅዳሴው ያበቃል። ቅዳሴ ማስቀደስ የስእለታቸው አካል መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ይጠይቋቸው። እኛ ሳንጠይቅ ወስደናቸው አማቴ መንገዱን ሙሉ አኩርፈው ተመልሰዋል። ወር በገባ በ21 ደግሞ ሕዝብ ስለሚበዛ ልጆች ይዞ ለመሄድ አይመችም።

ሀረ ሸይጣንን በዚህ ጉዞ አያስገቡት። ከቡታጅራ አለፍ ብሎ የሚገኝ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ሐይቅ ሲሆን ከአፋፉ እስከ ውኃው ድረስ ገደል ነው። ከላይ የተወረወረ ድንጋይ ውኃው ጋ አይደርስም ስለሚባል ጎብኚ ሁሉ ቆሞ ይወረውራል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ያንን አይታ እጇን አስይዛ ትቆማለች ብላችሁ አታስቡ። ሌላ ጊዜ ቡታጅራ አድራችሁ ሂዱበት።

ምግብ ከቤት ብትይዙ ይሻላል። ጥያ አካባቢ ክትፎ በቆጮ የሚቀርብባቸው ቤቶች ቢኖሩም ልጆች የራባቸው ሰዓትና ክትፎው የሚደርስበት ሰዓት አይገጣጠምም። መጸዳጃ ቤት በተገኘበት ሁሉ «አልመጣብኝም» የሚል መልስ አትቀበሉ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሄደን ተመልሰናል። እናቴ «መሳለም እንጂ ማስቀደስ አልተሳልኩም» ስላሉ በተመከርነው መሠረት ከጥያ ጀመርን። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ ብርሃኑ መምህሩ እንዳሉት በጎን ያረፈ ነበር። ልጆቹ ሰይፍ ሲቆጥሩ በአንዱ ድንጋይ ላይ ባለው ቁጥር ተጣልተው ሦስት ጊዜ ደጋግመው ቆጠሩት፤ አስጎብኚው የነገራቸውም የሁለቱንም ስላልሆነ ታረቁ።

አዳዲ ማርያም ውስጥ ካልሲው በእርግጥ ጠቅሟል። እናቴ ተሳልመው፣ ጸበል ጠጥተው፣ ደረጃውን ከእኔ ፈጥነው ወጡ።

ያልጠበቅሁት የገጠመኝ መልካ ቁንጡሬ ላይ ነው። እናቴ ሙዚየሙን በአክብሮት ያህል ዞረው ሊወጡ ሲሉ ከጥቁሮቹ የሚያብረቀርቁ ድንጋዮች ፊት ቆሙና «ይኼማ ባልጩት ነው» አሉ። አስጎብኚው በአቅራቢያው ያለው የባልጩት ስፍራ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድንጋይ እንደሆነ፣ የጥንት ሰዎችም ስለቱን ለመሣሪያነት ይጠቀሙበት እንደነበር ሲያስረዳ፣ እናቴ በልጅነታቸው አገር ቤት የሕፃናት ጸጉር በባልጩት ሲላጭ ማየታቸውን፣ ስለቱ የዶለዶመ እንደሆነም ጫፉን መታ አድርገው አዲስ ስለት ያወጡለት እንደነበር በእጃቸው እያሳዩ ተናገሩ። አስጎብኚው ማብራሪያውን አቁሞ እሳቸውን ይጠይቅ ጀመር። ትንሿ ልጄ አዋሽ ዳር ያነሣቻትን አንዲት ጥቁር ጠጠር ከኪሷ አውጥታ ለመመለስ የተስማማችው ግን አያቷ በሚቀጥለው ሳምንት የራሷን ጸጉር እንደማይላጩባት ቃል ከገቡላት በኋላ ነው።