ክርክር፦ ስቴሮይድ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ በጥብቅ ይከልከሉ?

አወያይ፦
የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ የዛሬው ጥያቄ ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታሶን፣ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ቤታሜታሶንና ክሎቤታሶልን የመሳሰሉ፣ እብጠትንና የሰውነት መከላከያን ቁጣ የሚያበርዱ ስቴሮይድ መድኃኒቶችን ይመለከታል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አብዛኞቹ በሐኪም ማዘዣ ብቻ እንዲሰጡ የተደነገጉ ቢሆኑም በብዙ ከተሞች ማንም ሰው ስማቸውን ጠርቶ ሊገዛቸው እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ሕጉ ያለ ምንም ልዩነት ይጥበቅ የሚሉና ጥብቅ ክልከላው ነባር ታካሚዎችን ይጎዳል የሚሉ አባላት ሐሳባቸውን እንዲያቀርቡ እጋብዛለሁ። የራሳችሁን ልምድ ስትናገሩ የጤና ተቋማትንና የመድኃኒት ቤቶችን ስም እንዳትጠቅሱ አደራ እላለሁ።

የደሴዋ ፋርማሲስት፦
እኔ የምደግፈው ጥብቁን ክልከላ ነው። ይህን የምለው ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ በየቀኑ የማየውን ይዤ ነው። ጉልበቱን የሚያመው አባት ይመጣና «ያንን ትንሿን ክኒን ስጪኝ» ይላል። ክኒኗ ዴክሳሜታሶን ናት፤ በሁለት ቀን ሕመሙን ታስታግስለታለች፤ እርሱም መድኃኒቱን እንዳገኘ ያምናል። ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር እየጨመረ መሄዱን፣ የደም ግፊቱ መውጣቱን፣ አጥንቱ መሳሳቱን ግን ክኒኗ አትነግረውም። ወጣት ሴቶች ደግሞ ለመወፈር ይጠይቁታል፤ ፊት ሲሞላና ጉንጭ ሲያብጥ ውፍረት መስሏቸው ይደሰታሉ፤ ነገር ግን ያ የመድኃኒቱ ጉዳት ምልክት እንጂ ጤና አይደለም።

የቅባቱም ነገር ከዚህ አይተናነስም። ጭርት የያዘውን ልጅ ክሎቤታሶል ሲቀቡት ማሳከኩና መቅላቱ ይቀንሳል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር እየሰፋ ይሄዳል፤ መልኩንም ስለሚለውጥ በኋላ የሚያየው ሐኪም ጭርት መሆኑን ለመለየት ይቸገራል። ማድያት ለማጥፋት ወይም ፊት ለማቅላት ለወራት የተቀቡትማ፣ ቆዳቸው ሳስቶ የደም ሥራቸው እየታየ፣ ቅባቱን ባቆሙ ቁጥር ፊታቸው እንደ እሳት እየነደደ ተመልሰው ያንኑ ቅባት ይለምኑናል። እኔ አልሰጥም ስል ቀጣዩ ሱቅ ይሰጣቸዋል። ሕጉ ሁላችንን እኩል ካላሰረን የሚጎዳው ሕሊናውን የሚጠብቅ ባለሙያ ብቻ ነው።

የሉፐስ ታማሚ፣ ከሐዋሳ፦
የእህታችንን ቅንነት አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ በእርሷ ንግግር ውስጥ እኔ የለሁም። ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት በሽታ፣ ኩላሊቴን ያጠቃው ገና ተማሪ ሳለሁ ሲሆን ሽንቴ በአረፋ ተሞልቶ፣ እግሬና ዓይኔ ሥር አብጦ፣ ከአልጋ መነሣት ሲያቅተኝ ሕይወቴን ያተረፈልኝ ፕሬድኒሶሎን ነው። ፊቴ እንደ ድቡልቡል ዳቦ ሆኗል፤ እንቅልፍ ያሳጣኛል፤ ያለ ምክንያት እቆጣለሁ፤ ጎረቤት «ተመቸሽ፣ ወፈርሽ» ሲለኝ ማልቀስ ያምረኛል። ይህን ሁሉ ተቀብዬ የምውጠው ካልዋጥኩት የሚመጣውን ስለማውቅ ነው።

የሚከታተለኝ የኩላሊት ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የቀጠሮዎቼም ርቀት ወራት ነው። አንድ ጊዜ ማዘዣዬ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ከአንድ መድኃኒት ቤት ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ አለኝ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማስታወክ ጀመረኝ፤ ቆሜ መሄድ አቃተኝ፤ ድንገተኛ ክፍል ስደርስ የደም ግፊቴ እጅግ ወርዶ ነበር። የሰጡኝም ያው የተከለከልኩት ዓይነት መድኃኒት ሲሆን ልዩነቱ በመርፌ መሆኑ ብቻ ነበር። «በጥብቅ ይከልከል» የሚል ሰው እኔን የት እንደሚያስቀምጠኝ አስቀድሞ ይንገረኝ።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፦
ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል። ክርክሩ የሚፈታው መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን በመረዳት ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን በላይ አድሬናል የሚባሉ ዕጢዎች አሉ። እነዚህ ዕጢዎች በየቀኑ የሚያመነጩት ኮርቲሶል የደም ግፊትን፣ የደም ስኳርንና ሰውነት ሕመምን የሚቋቋምበትን አቅም ይጠብቃል። ሰው ሠራሹን ስቴሮይድ ከውጭ ስንሰጥ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለዕጢዎቹ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ሕክምናው ከሦስት ሳምንት በላይ ሲዘልቅም ዕጢዎቹ ሥራቸውን እየፈቱ ይሄዳሉ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ቢቋረጥበት፣ ወይም ወባ፣ የሳንባ ምች አልያም ቀዶ ሕክምና አጋጥሞት መጠኑ ባይጨመርለት፣ የሐዋሳዋ እህታችን የደረሰባት ዓይነት አደጋ ይደርስበታል፤ ካልታከመም ይገድላል። መጠኑን ቀስ በቀስ የምንቀንሰው ዕጢዎቹ ሥራቸውን መልሰው እንዲጀምሩ ጊዜ ለመስጠት ነው።

የመድኃኒቱ ታሪክም ሁለቱን ፊቶች ከመጀመሪያው አሳይቷል። በ1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የተባሉት ሐኪም ሥር በሰደደ የመገጣጠሚያ ብግነት ምክንያት መራመድ ላቃታት የ29 ዓመት ሴት ኮርቲሶን የተባለውን ስቴሮይድ ሰጧት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ተራመደች። ሄንች ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴውስ ራይክሽታይን ጋር በ1950 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙ። ዓለም ገና በደስታ ላይ ሳለ ታካሚዎች ፊታቸው ማበጥ፣ አጥንታቸው መሰበርና ጠባያቸው መለወጥ ጀመረ።

በአገራችንም ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት የሥጋ ደዌ ታካሚዎችና ሐኪሞቻቸው ናቸው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ በድንገት ሲቆጣ ነርቮች ይጎዳሉ፤ እጅ ይታጠፋል፣ እግር ይደነዝዛል። ይህን ለማስቆም ፕሬድኒሶሎን በ40 ሚሊግራም አካባቢ ተጀምሮ ለወራት እየተቀነሰ ይሰጣል፤ ብዙ እጆችንና እግሮችን አድኗል። ነገር ግን ቆዳ ላይ የሚያሙ እብጠቶች እየወጡ በተደጋጋሚ የሚያገረሽባቸው ታካሚዎች መድኃኒቱን ለዓመታት ሳያቋርጡ ለመውሰድ ይገደዳሉ። በአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል በእነዚህ ታካሚዎች ላይ ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ረጅም የስቴሮይድ ሕክምና ከሞት ጋር መያያዙን ዘግቧል። በሐኪም ክትትል ሥር ባሉ ታካሚዎች ላይ ይህ ከደረሰ፣ ያለ ክትትል ለሚወስደው ሰው ምን ያህል ልንሰጋ ይገባል? የተኛ ሳንባ ነቀርሳ በስቴሮይድ ይቀሰቀሳል። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል ደግሞ በስቴሮይድ ምክንያት በመላ አካል ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል። ሁለቱም እኛ ዘንድ ያሉ በሽታዎች ናቸው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፤ በጥብቅ መከልከል ያለበት መድኃኒቱን ያለ ሐኪም መጀመር ነው። ለሳምንታት ወይም ለዓመታት በሐኪም ትእዛዝ ሲወስድ የቆየን ታካሚ ባዶ እጁን መመለስ ግን በራሱ የሕክምና ስህተት ነው፤ ሕጉ ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት የለበትም።

መምህር፣ ከደብረ ብርሃን፦
እኔ አስም ያለብኝ ሰው ነኝ፤ የምፈራውም ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ውይይት በተነሣ ቁጥር «ስቴሮይድ» የሚለውን ቃል የሰማ የአስም ታማሚ ሁሉ የሚስበውን መድኃኒት እየጣለ ነው። ብርዱ በሚበረታበት ከተማችን ሰማያዊውን ሳልቡታሞል ብቻ በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ፣ ሲያፍናቸው የሚነፉትና የቀረውን ጊዜ የሚረሱት ብዙዎች ናቸው። ሳልቡታሞል የአየር ቧንቧውን ለጥቂት ሰዓታት ይከፍተዋል እንጂ ውስጡን ያበጠውን ነገር አያክምም፤ የሚያክመው እንደ ቤክሎሜታሶን ያለው የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። የአስም ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፉ ጂና በ2019 እ.ኤ.አ. አዋቂ ታማሚዎች በሳልቡታሞል ብቻ መታከም እንደሌለባቸው አስታውቋል።

ከባለቤቴ ጋር ለረጅም ጊዜ የተከራከርነው በዚህ ጉዳይ ነበር፤ እርሷ «አጥንትህን ይበላዋል» ስትለኝ እኔም አቋርጥ ነበር። የጤና ጣቢያችን ነርስ ግን የሚሳበው መጠን በማይክሮግራም፣ ክኒኑ ደግሞ በሚሊግራም እንደሚለካ፣ የሚሳበውም በአብዛኛው እሳንባ ውስጥ እንደሚሠራ፣ ከሳብኩት በኋላ አፌን ብጉመጠመጥ አፍ ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ፈንገስ እንደምከላከል ካስረዳችን በኋላ ክርክሩ ቆመ። ክልከላው የሚሳበውንና የሚዋጠውን ሳይለይ ከወጣ፣ በፍርሃት ላይ እንቅፋት መጨመር ነው የሚሆነው።

እናት፣ ከጎንደር፦
በትሕትና ልናገር፤ እናንተ ስለ ክኒን ትናገራላችሁ፣ የእኔን ልጅ የጎዳው የዓይን ጠብታ ነው። ልጄ በየዓመቱ በሙቀቱ ወራት ዓይኑን ያሳክከዋል፣ ይቀላል፣ እንደ ክር የሚጎተት ዓይን ማር ያወጣል። በመጀመሪያ የዓይን ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚሆን ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ አዘዘለት፤ በሁለት በሦስት ቀን ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ማሳከኩ በተመለሰ ቁጥር ባዶውን ብልቃጥ ይዤ እሄድ ነበር፤ መድኃኒት ቤቶቹም ብልቃጡን አይተው ይሰጡኝ ነበር። ለስንት ጊዜ እንደሚጨመር፣ የዓይን ግፊቱ መለካት እንዳለበት የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም። ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ግፊት ጨምሮ ነርቡን የሚጎዳበት በሽታ፣ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ልጁም አላማረረም። መምህሩ ከጎን የሚመጣውን ኳስ እንደማያይ ነግሮኝ ወደ ሆስፒታል ስወስደው የዓይኑ ነርቭ ተጎድቶ ነበር። ሞራ ቢሆን ኖሮ በቀዶ ሕክምና ይወጣ ነበር አሉኝ፤ በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም።

እንግዲህ ዶክተራችን ነባር ታካሚ ባዶ እጁን አይመለስ ይላሉ። የእኔም ልጅ ነባር ታካሚ ነበር። ብልቃጡም ማዘዣውም በእጄ ነበር።

ነርስ፣ ከለንደን፦
የጎንደሯ እናት የተናገሩት ልቤን ነክቶታል፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሆን የሚችል አንድ ነገር ከምሠራበት አገር ላካፍል። እዚህ ስቴሮይድ ክኒን በማዘዣ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ነገር ግን ፋርማሲስቱ መድኃኒቱ ከዚህ በፊት በሐኪም እንደታዘዘና አስቸኳይ መሆኑን ካረጋገጠ፣ ታካሚው ሐኪሙን እስኪያገኝ የሚያደርሰውን ያህል በራሱ ኃላፊነት ሊሰጠው ሕጉ ይፈቅድለታል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ዕጢዎቻቸው ሥራ ለፈቱባቸው ታካሚዎች የስቴሮይድ የድንገተኛ ጊዜ ካርድ ይሰጣል። ታካሚው ራሱን ስቶ ቢገኝ እንኳ ካርዱን ያየ ባለሙያ ሃይድሮኮርቲሶን በፍጥነት መስጠት እንዳለበት ያውቃል። ካርዱ ወረቀት ነው፤ ውድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። ከአገር ቤት የሚመጡ ዘመዶቻችን ለዓመታት ፕሬድኒሶሎን ሲወስዱ ቆይተው ይህን የሚገልጽ አንድ ቁራጭ ወረቀት ሳይዙ ሲመጡ ማየት ያሳዝነኛል።

የደሴዋ ፋርማሲስት፦
የሐዋሳዋ እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ ማዘዣው አልፎበታል ብሎ አንቺን የመለሰ ባለሙያ ቢያንስ ለሐኪምሽ ሊደውል ይገባው ነበር። የነርሷን የካርድ ሐሳብ እደግፋለሁ። ሆኖም ባዶ ሜዳ ላይ እንዳንቆም እሰጋለሁ። «ነባር ነኝ» የሚለው ቃል ብቻውን ሁሉንም በር ይከፍታል፤ ለመወፈር የምትወስደውም ነባር ናት፣ ለጉልበቱ የሚወስደውም ነባር ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሪከቨሪ ጥናት ዴክሳሜታሶን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉ የኮቪድ ሕሙማን መካከል የሚሞቱትን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ ባሳወቀ ማግሥት፣ ሙሉ ጤነኛ የሆኑ ሰዎች ለክፉ ቀን ብለው እቤታቸው ሊያስቀምጡ ይጠይቁን ነበር፤ ጥናቱ ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ሰዎች ጥቅም እንዳላገኘ ብንነግራቸውም አልሰሙንም። ስለዚህ በሐኪም የተፈረመ፣ የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ መጠንና የሚቀጥለው የምርመራ ቀን የተጻፈበት ካርድ ላለው ሰው ብቻ ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ልስጥ፤ የሰጠሁትንም በካርዱ ላይ ልመዝግብ። ካርዱ በሌለበት ግን ክልከላው ይጽና።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፦
በአንድ ነጥብ ላይ እለያለሁ። ያለ ማዘዣ ለወራት ዴክሳሜታሶን የወሰደችው ወጣትም ዕጢዎቿ ሥራ ፈትተዋል፤ «አንቺ ካርድ የለሽም» ብለን ብንመልሳት የሚደርስባት አደጋ ከሉፐስ ታማሚዋ አይለይም። ለእርሷም የጥቂት ቀን መድኃኒት ተሰጥቷት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መላክ አለባት። በሕገ ወጥ መንገድ መጀመሯ ሰውነቷን ከአደጋው አያድነውም።

የደሴዋ ፋርማሲስት፦
ይህን አልቀበልም። ሌላው መድኃኒት ቤት ነገ ያንኑ ይሰጣታል፣ ከነገ ወዲያ ሌላው፤ ወደ ሐኪም አትሄድም። የምትሄድበትን መንገድ ካላበጀን በስተቀር «የጥቂት ቀን» ማለት እንደ ቀድሞው መሸጥ ነው።

የሉፐስ ታማሚ፣ ከሐዋሳ፦
ታዲያ መንገዱን እናብጅ። ጤና ጣቢያዎች በዚያው ቀን የደም ግፊቷንና ስኳሯን ለክተው፣ መጠኑን የሚቀንስ ዕቅድ ጽፈው ሊሰጧት አይችሉምን? የእኔን መጠን እየቀነሰ ወደ 5 ሚሊግራም ያወረደው ሐኪም የተጠቀመው የደም ምርመራ፣ የሽንት ምርመራና ትዕግሥት ነው።

እናት፣ ከጎንደር፦
ለክኒኑ በተስማማችሁበት ተስማሙ። የዓይን ጠብታውን ግን ከዚህ የጥቂት ቀን ፈቃድ አውጡልኝ። የአስም ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ መድኃኒቱን ቢያጣ ሊሞት ይችላል፤ ዓይኑን ያሳከከው ልጅ ግን ሐኪም እስኪያየው በቀዝቃዛ ጨርቅና ስቴሮይድ በሌለበት የአለርጂ ጠብታ ሊቆይ ይችላል። ለልጄ በመጨረሻ ያዘዙለትም እርሱን ነው።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፦
በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ኮርኒያው (የዓይኑ የፊት ግልጽ ሽፋን) የቆሰለ ልጅ ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ዘንድ መድረስ ስላለበት እርሱም ቢሆን ከመድኃኒት ቤት ጠብታ አይፈልግም። ፊት ላይ የሚቀቡትን ጠንካራ ቅባቶችም ከጠብታው ጋር በአንድ መደብ ይግቡ።

አወያይ፦
እስካሁን በጠብታው፣ በካርዱና የሚሳበው የአስም መድኃኒት ተለይቶ እንዲታይ በቀረበው ሐሳብ ላይ ተቃውሞ አልሰማሁም። ልዩነቱ የቀረው ካርድ ሳይኖረው ለወራት የወሰደውን ሰው በሚመለከት ነው። በጤና ጣቢያ የሚሠሩ አባላት የሐዋሳዋ እህታችን ላነሣችው ጥያቄ መልስ እንዲሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ በዚያው ቀን የደም ግፊትና የስኳር ልኬት አድርጋችሁ መጠን የሚቀንስ ዕቅድ ለመስጠት ምን ይጎድላችኋል?