ክርክር፦ የኔሜስዮስ መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይመለስ?

አወያይ፦ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የኤሜሳ (የዛሬዋ የሶርያ ሆምስ) ኤጲስ ቆጶስ ኔሜስዮስ ስለ ሰው ባሕርይ በግሪክኛ ጽፏል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ አለ። ከዚያ እንመልሰው ወይስ ግሪክኛ አዋቂ እንጠብቅ?

ሐኪሟ፦ ይመለስ እንጂ! ጳጳስ ሆኖ የጥንቱን የግሪክ ሐኪም የጋሌኖስን ሕክምና እንዲህ የሚያውቅ ሰው ስንት አለ? ምናብን በፊተኛው የአንጎል ክፍተት፣ ማሰብን በመካከለኛው፣ ትውስታን በኋለኛው ያስቀምጣል። ዛሬ ትክክል አይደለም። ግን ማስረጃውን እዩት፦ ፊተኛው ሲጎዳ የስሜት ሕዋሳት ይታወካሉ፣ ማሰብ ግን ይተርፋል ይላል። የበሽተኛ አልጋ አጠገብ የቆመ ሰው ነው የሚመስለው።

ብራና፦ አንጎሉን ተዪውና ርእሱን ተርጉሚልኝ። እንግሊዝኛው «ኔቸር» ይላል። «ተፈጥሮ» ልትዪው ነው?

ሐኪሟ፦ ምን ችግር አለው?

ብራና፦ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ጉድ ይፈላል። እግዚአብሔር ቃል ከሰው ጋር የተዋሐደው በበጎ ፈቃድ ነው የሚሉትን ይቃወምና ምክንያቱ «ፊሲስ» (እንግሊዝኛው «ኔቸር» ያለው የግሪክ ቃል) ነው ይላል። «በተፈጥሮ ተዋሐደ» ብለሽ ጻፊና የተዋሕዶ ልጅ ምን እንደሚልሽ እይ፤ «ተፈጥሮ» መፈጠርን ያሰማል። የእኛ ቃል «ባሕርይ» ነው። ከእንግሊዝኛው ብቻ የሚመልስ ይህን ከየት ያውቀዋል?

ሐኪሟ፦ የአባቶችን ትምህርት የያዘው ሃይማኖተ አበው ከዓረብኛ አይደል እንዴ ወደ ግዕዝ የገባው? ደግሞ «ባሕርይ» በግዕዝ ዕንቁም ነው፤ የዓረብኛው «ጀውሀር»ም ዕንቁ ነው፣ ባሕርይም ነው። የምትሟገትለት የቃሉ ፍቺ ራሱ በዓረብኛ በኩል ሳይመጣ አልቀረም፣ ወንድሜ።

ብራና፦ እሺ፣ ይቺን ወስደሻል። ግን እነዚያ ሊቃውንት የሚመልሱትን ትምህርት ከነቃሉ ያውቁት ነበር። «ቄርሎስ» የሚባለው የነገረ መለኮት መጽሐፍ ደግሞ በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከግሪክኛ ነው የተመለሰው።

ወጣቱ፦ ነፍስ ከሥጋ በፊት ነበረች ይላል የሚባለው እውነት ነው?

ብራና፦ ወደዚያ ያዘነብላል። ያለ መግቢያ አይታተምም፤ በዚህ ሁላችንም አንጣላም።

ተርጓሚው፦ የትኛው እንግሊዝኛ እንደሆነ እንኳ ሳትነጋገሩ! የ1955ቱ (እ.ኤ.አ.) ትርጉም ሊቁ ሞራኒ በ1987 አርሞ ካሳተመው የግሪክ ንባብ በፊት የወጣ ነው። የ2008ቱ ያንን አይቷል። እኔ የምሠራው ከ2008ቱ ነው፤ ግሪኩን አጠገቤ አስቀምጬ፣ «ፊሲስ» ባለበት ሁሉ «ባሕርይ» እያልኩ።

ብራና፦ ሁሉም ቦታ? ስለ እንስሳት በሚጽፍበትም?

ተርጓሚው፦ ... እዚያ ላይ አላሰብኩም።

ሐኪሟ፦ ሦስተኛውን ምዕራፍ አስቀድመህ ለጥፍልን፤ በእሱ ላይ እንጣላ።