ክርክር፦ ላፕቶፑን ከጅዳ ላስመጣ ወይስ ከፒያሳ ልግዛ?

የደሴ መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። የማነሣው ጥያቄ በየቤታችን ያለ ስለሆነ በጥሞና እንድንነጋገርበት እለምናለሁ። ልጄ በዚህ ዓመት በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ምህንድስና ይጀምራልና ላፕቶፕ ያስፈልገዋል። እዚሁ ደሴ ፒያሳ ላይ ሦስት ሱቅ ገብቼ ዋጋ ጠየቅሁ፤ ማታ ደግሞ ጅዳ ለምትሠራው የእህቴ ልጅ ደውዬ የዚያኑ ዓይነት ዕቃ ዋጋ አጠያየቅሁ። ሪያሉን ወደ ብር ስመታው ልዩነቱ የሁለት ወር ደመወዜን ያህላል። እንዲህ ያለ ልዩነት ባለበት፣ በወር ደመወዝ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ዘመዱን ልኮ ቢያስመጣ ሊወቀስ አይገባውም ባይ ነኝ። እንዲያውም ነጋዴዎቻችን ትርፋቸውን እንዲቀንሱ የሚያስገድዳቸው ይህ ብቻ ይመስለኛል። የምትቃወሙ ካላችሁ ምክንያታችሁን ብሰማ ደስ ይለኛል።

የፒያሳ ባለሱቅ፦
መምህር፣ በአክብሮት ነው የምመልስልዎት፤ ልጆቼን ያስተማሩ ሰው ነዎት። ነገር ግን ልዩነቱ በሙሉ በእኔ ኪስ የሚገባ አድርገው ማቅረብዎ ትክክል አይደለም።

በመጀመሪያ የታክሱን አሠራር እንመልከት። የገቢ ዕቃ ግብር አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ነው የሚሰላው። ለምሳሌ ያህል 10,000 ብር የሚገመትና የጉምሩክ ቀረጡ 10 በመቶ የሆነ ዕቃ አለ እንበል። ቀረጡ ሲጨመር 11,000 ብር ይሆናል። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታሰበው በ10,000ው ላይ ሳይሆን በዚህ በ11,000ው ላይ ነውና 12,650 ይደርሳል። ዕቃው ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ታክስ) የሚመለከተው ከሆነ ደግሞ በዚያ ላይ 10 በመቶ ይጨመርበትና 13,915 ብር ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲሆን አስመጪው ገና አንድ ብር አላተረፈም፤ የመጋዘን፣ የጭነት፣ የሱቅ ኪራይና የሠራተኛ ወጪም አልተነካም።

ሁለተኛው የምንዛሪው ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ሰሞን በድሮው ዋጋ ዕቃ የሸጠ ሰው በሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛት አልቻለም። እኔ ራሴ በሸጥኋቸው 20 ስልኮች ገንዘብ 12 ብቻ ይዤ ከመርካቶ ተመልሻለሁ። ከዚያም በፊት በ2014ቱ ጦርነት ሱቄ ባዶውን ቀርቶ፣ መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዶ፣ በብድር ነው የጀመርኩት። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን፣ ዋጋ ስንነጋገር ከዋጋው በስተጀርባ ያለውን ሁሉ አብረን እንድናይ ነው።

ከጅዳ የተመለስኩ፦
ስድስት ዓመት ጅዳ ሠርቼ አሁን ደሴ የምኖር ነኝ፤ ሁለታችሁም ያልነካችሁትን ላንሣ።

ባለሱቁ ስለ ታክስ ያሉት እውነት ቢሆንም የተጨማሪ እሴት ታክሱ ብቻውን ልዩነቱን አያመጣውም። ሳዑዲ ዓረቢያም ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ይህንኑ ታክስ ከ5 ወደ 15 በመቶ አሳድጋለች፤ የእኛም ያው 15 በመቶ ነው። እዚያ ዕቃው የሚረክሰው አስመጪው በብዛት ስለሚያስመጣ፣ ዶላር ስለማይቸግረውና ሱቆቹ ጎን ለጎን ሆነው ስለሚፎካከሩ ነው።

ነገር ግን እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። መምህር፣ «ዘመድን ልኮ ማስመጣት» ሲሉ ያች ዘመድ ማን እንደሆነች አስበዋል? በሰው ቤት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራ ልጅ ናት። ገበያ የምትወጣበት ቀን ከተሰጣት በወር አንዴ ነው፤ ያንኑ ቀን የኛን ትእዛዝ ስትፈልግ ታሳልፈዋለች። ከጉዞዬ በአንዱ ሻንጣዬ ውስጥ ሰባት ስልኮች ነበሩ፤ የኔ አንዱ ብቻ ነበር። እንዳይጋጩ አንድ በአንድ ካልሲ ውስጥ ከትቼ በልብሶቼ መካከል ደረደርኳቸው፤ ቦታ ስለጠበበኝ ለእናቴ የገዛሁትን ብርድ ልብስ ለጓደኛዬ ትቼ መጣሁ። ከአውሮፕላን እንደወረድኩ ሻንጣው ተከፈተ። ፈታሹ ካልሲዎቹን እያራገፈ ስልኮቹን ጠረጴዛ ላይ ሲደረድር ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይመለከተኝ ነበር። ለግል መገልገያ ከሚባለው በላይ ነው፣ የንግድ ዕቃ ነው ተብሎ ቀረጥ ተጠየቅሁ። የከፈልኩት ለወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ ይዤው ከነበረው ገንዘብ ነው። ስልኮቹን ካዘዙኝ ሰዎች መካከል ቀረጡን የተካልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቀሩት በነፃ ያመጣሁት መስሏቸው አመሰገኑኝ።

ስለዚህ ከጅዳው ዋጋ ላይ የዚያችን ልጅ ቀን፣ የሻንጣዋን ኪሎና የምትከፍለውን ቀረጥ ይደምሩበት። ረከሰ የሚባለው ወጪው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ስለወደቀ ነው።

የኮምቦልቻ ስልክ ጠጋኝ፦
እህቴ የተናገረችው ልቤን ነክቶታል። እኔ በሙያዬ የማየውን ልጨምር።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ልጃቸው የላከላቸውን አይፎን ይዘው መጡ። ካርቶኑ አዲስ ነው፤ ስልኩ ሲበራ ግን የሌላ ሰው ኢሜይል በከፊል ተሸፍኖ ብቅ ይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የቀድሞው ባለቤት ካልከፈተው በቀር እኔም ሆንኩ ሌላ ጠጋኝ በሕጋዊ መንገድ የምናደርገው ነገር የለም። ይህን ስነግራቸው ስልኩን በነጠላቸው ጠቅልለው ዝም ብለው ወጡ። ልጃቸው ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ገዝቶ፣ ሻጩ ዳግመኛ እንደማይገኝ ነግረውኛል።

በየአገሩ የሚሸጠውም ስልክ አንድ ዓይነት አይደለም። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት አይፎኖች ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ካርድ መክተቻ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢ-ሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ ተሠርቶ በሚመጣ ካርድ አልባ ሲም ብቻ ነው። ለኤምሬትስ ገበያ በተሠሩት ላይ ፌስታይም የሚባለው የአይፎን የቪዲዮ መደወያ ላይኖር ይችላል። በኮንትራት የተገዛ ስልክ ደግሞ ለሸጠው የቴሌኮም ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ መጥቶ የኛን ሲም አልቀበልም ሲል ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ላፕቶፕ ከዚህ ይሻላል፤ ከሳዑዲ የመጣ ከሆነ የቻርጀሩን ባለሦስት ጠፍጣፋ እግር ሶኬት ከማስቀየር በቀር ብዙ አያስቸግርም።

ለባለሱቆችም አላዳላም። መስታወት ውስጥ ከደረደራችኋቸው ስልኮች አንዳንዶቹ ያው በሻንጣ የመጡ፣ ደረሰኝ የሌላቸው ናቸው፤ ሲበላሹም «ወደ ጠጋኝ ውሰደው» ትላላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸማች ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዋስትና የማትሰጡ ከሆነ ገዢው ከጅዳ ሻንጣ ይልቅ እናንተን የሚመርጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

የፒያሳ ባለሱቅ፦
ይህ ወቀሳ ይገባናል። እኔ ለላፕቶፕ የስድስት ወር ዋስትና በጽሑፍ እሰጣለሁ፤ ሁላችንም እንሰጣለን ብዬ ግን ልዋሽ አልችልም።

የኮምቦልቻ ትራንዚተር፦
ሥራዬ የገቢ ዕቃ የጉምሩክ ሰነድ ማስፈጸም ነው፤ ክርክሩ በገዢና በሻጭ መካከል ብቻ መቅረቱ ስላሳሰበኝ ገባሁበት። ካርታውን እንመልከት። ኮምቦልቻ ለጅቡቲ ወደብ ከአዲስ አበባ ይልቅ ትቀርባለች፤ ከወደብ የሚነሣ መኪና ሚሌ ላይ ታጥፎ በባቲ በኩል ይደርሳታል፤ ከባሕር ወደብ የመጣ ኮንቴይነር የሚራገፍበት ደረቅ ወደብም አላት። ሆኖም የደሴ ነጋዴ የሚሸጠው ስልክና ላፕቶፕ አስመጪዎቹ አዲስ አበባ ስለሆኑ መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል፣ መርካቶ ላይ ከአንድ ሁለት እጅ ይለዋወጣል፣ ከዚያም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል። በየእጁ ትርፍ አለ፣ በየመንገዱ ጭነት አለ፤ መምህሩ ፒያሳ ላይ የሚያገኙት ዋጋ የዚህ ሁሉ ድምር ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ባለሱቆች እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ስልክ ከመርካቶ ከሚያመጡ ይልቅ ተሰባስበው በአንድ የአስመጪነት ፈቃድ፣ በአንድ ኮንቴይነር፣ በኮምቦልቻ ቢያስገቡ የሚቀነሰው ወጪ ቀላል አይደለም። ታክሱ በእኛ እጅ አይደለም፤ መንገዱ ግን በእኛ እጅ ነው። ከዓመታት በፊት ሐሳቡን ለጥቂት ነጋዴዎች አቅርቤ፣ ገንዘቡን ማን ይያዘው በሚለው ላይ ሳይስማሙ ተበትነዋል። ዛሬም አምንበታለሁ፤ ሰነዱን በነፃ ለማዘጋጀትም ዝግጁ ነኝ።

የደሴ መምህር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሳቤን በሙሉ አልለወጥኩም፤ ዋጋው ከአቅሜ በላይ መሆኑ ዛሬም እንዳለ ነው፤ ሰውም አማራጭ ሲያጣ ወደ ዘመዱ ማማተሩ አይቀርም። ነገር ግን ከጅዳ የተመለሰችው እህታችን የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ ትናንት ማታ ለእህቴ ልጅ ደወልኩና በዚህ ጉዞዋ ስንት ሰው እንዳዘዛት ጠየቅኋት። አራት ላፕቶፕና ስድስት ስልክ አለችኝ፤ የኔ አምስተኛው ላፕቶፕ ሊሆን ነበር። ለምን እምቢ እንደማትል ስጠይቃት «ቅር እንዳይላችሁ ብዬ ነው» አለችኝ። ከትእዛዙ እኔን እንድታወጣኝ ነግሬያታለሁ።

አዲስ መግዛት ስለማልችል ያገለገለ ላፕቶፕ እንይ ብለናል። ቅዳሜ ከልጄ ጋር ወደ ባለሱቁ እንመጣለን፤ የኮምቦልቻው ጠጋኝ ወንድማችንም ጊዜ ካለው መጥቶ ባትሪውንና ሃርድ ዲስኩን ቢያይልን የድካሙን እከፍላለሁ። ባለሱቁን ግን ከአሁኑ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ደረሰኙ ላይ የምከፍለው ዋጋ ሳይጎድል፣ የስድስት ወሩም ዋስትና ከነቀኑ ይጻፍልኝ።