አዳማ፦ ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ፣ ሂሳቡ ለምን ይንራል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ አለ። ሂሳቡ ለስድስት ተካፍሎም የየራሱ ቆጣሪ ካለው ጎረቤት ይበልጣል። ምክንያቱ ምንድን ነው? «ውሃ መብት ነው» የሚባለውስ እዚህ ላይ ይሠራል?

የቧንቧ ሰው፦ መጀመሪያ ፍሳሽ እንደሌለ አረጋግጡ። ማታ ቧንቧውን ሁሉ፣ የሮቶውንም መግቢያ ዝጉና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ውሃ ሲያልፍ የምትዞር ትንሽ ምልክት እዩ። ከዞረች ያፈሳል። ካልዞረች ነገሩ ታሪፉ ነው፤ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር የሜትር ኩቡ ዋጋ ይጨምራል። ለስሌት ያህል (ዋጋው ምሳሌ ነው) እስከ 5 ሜትር ኩብ ያለው እያንዳንዱ 10 ብር፣ ከ5 እስከ 10 ያለው 15፣ ከዚያ በላይ 25 ይሁን። እያንዳንዱ ቤት 4 ቢጠቀም ለብቻው 40 ብር ይከፍላል። በአንድ ቆጣሪ ግን 24 ይሆንና 50 + 75 + 350 = 475፤ ለአንድ ቤት 79 ብር ገደማ። እጥፍ ማለት ነው፣ ማንም ሳያባክን።

ሌላው አየር ነው። በፈረቃ ጠፍቶ ሲመለስ የመስመሩ አየር ቆጣሪውን ያሽከረክራል። ውሃ ሲጠፋ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፤ ሲመለስ ትንሽ ቆይታችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

ሕግ ነክ፦ አራት ሰው ላለበት ቤት በወር 4 ሜትር ኩብ ማለት ለአንድ ሰው በቀን 33 ሊትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ50 እስከ 100 ይላል። ከዝቅተኛው በታች እየተጠቀሙ በውድ ታሪፍ መክፈል! የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለውሃ መብት ዕውቅና የሰጠው በሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢትዮጵያ ያን ቀን ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ንጹሕ ውሃን «የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» ይላል። ስለዚህ መብት ብላችሁ ብቻ ብትሄዱ ብዙ አትራመዱም። በግቢው ስንት ቤተሰብ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝርና የስድስት ወር ደረሰኝ ይዛችሁ፣ የታሪፉ እርከን (እስከ 5፣ እስከ 10 የሚለው ወሰን) በቤተሰቦቹ ብዛት እንዲባዛ የውሃ አገልግሎቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ውሉ በአከራዩ ስም ከሆነ እሱም ይፈርም።

ጠያቂ፦ በየበሩ ትንሽ ቆጣሪ ብናስገባስ?

የቧንቧ ሰው፦ ግማሽ ኢንች ይበቃል፤ ጠቡን ያበርዳል እንጂ እርከኑን አይነካም፣ ደረሰኙ የሚቆረጠው በዋናው ነውና። ድምሩም ከዋናው ትንሽ ያንሳል፤ ጠብ ጠብ የሚለውን ትንንሾቹ አይመዘግቡም። ልዩነቱን አስቀድማችሁ ተስማሙበት። አከራዩ በጀሪካን ልሽጥ ካለ ደግሞ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ሜትር ኩብ ነው፤ አንዱ ጀሪካን 5 ብር ቢሆን 250 ብር ይመጣል።