ስፖርት መኪናዬ ቆማ ባትሪ ትጨርሳለች፣ የሚበላው ጠፋኝ

ሰላም ወገኖች፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የገባችሁ እስቲ እርዱኝ። ባለ ሁለት ወንበር አሮጌ ስፖርት መኪና ናት። ሁለት ሦስት ቀን ካቆምኳት ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው ጠቅ ይልና ዝም። ባትሪው አዲስ ነው። ሞተሩ ሲሠራ 14.2 ቮልት ይነበባል፣ ስለዚህ ዲናሞው ይሞላል ብዬ አልፌዋለሁ።

ከዚያ ሁሉን አጥፍቼ፣ በር ቆልፌ፣ ቴስተሩን በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መሀል አስገባሁ። ኮምፒውተሩ እስኪተኛ ጠብቄም 0.6 አምፔር ያሳያል። ከ0.05 መብለጥ አልነበረበትም አይደል? ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ (ሳጥኑ ያለበት ቦታ አንገት ያስቆለምማል፣ ማን እንዳሰበው እንጃ)፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። የፖርታ ባጋሊው አምፖልም አይደለም፣ አውጥቼ አይቻለሁ።

አሁን የምጠረጥረው በዚያ ሳጥን የማያልፈውን የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ነው። መኪናዋ ቆማ አድራም ዲናሞው ሲነካ ለብ ይላል! ውስጡ ካሉት ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) አንዱ ተበላሽቶም 14.2 ሊያሳይ ይችላል እንዴ? ባትሪውን ነቅዬ ገመዱን ከዲናሞው ብፈታ፣ ጫፉን በደንብ ጠቅልዬ እንደገና ብለካና ቁጥሩ ቢወርድ ያ በቂ ማስረጃ ነው? ዳዮዱን ብቻ የቀየረ ካለ ይንገረኝ፣ ሙሉ ዲናሞ መግዛት አልፈልግም።