ቸኮሌቱ ሦስት ቀን ሳይሞላው ነጭ ያወጣብኛል፤ ማሽን ልግዛ?

ጣፋጭ ከባሕር ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የለውዝና የሰሊጥ ከረሜላ እየሠራሁ ለሱቆች አስረክባለሁ። ስኳሩን አቅልጬ፣ ለውዙን ደባልቄ፣ ትሪ ላይ ዘርግቼ የምቆርጠውን ማለቴ ነው። ከጥር ወዲህ ደግሞ ቸኮሌት ማልበስ ጀመርኩ። ቸኮሌቱን ከአዲስ አበባ በካርቶን አስመጣለሁ፣ ድስት በድስት አድርጌ አቀልጠዋለሁ፣ ከረሜላውን በሹካ እየነከርኩ ወረቀት ላይ አሰልፋለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ያምራል። በሦስተኛው ቀን ላዩ ነጭ ነጭ ያወጣል፣ የሻገተ ይመስላል። አንድ ባለሱቅ ሁለት ካርቶን መለሰብኝ። በእጅ ሲይዙት ጣት ላይ ይቀራል። ከታች ደግሞ ወረቀቱ ላይ ተዘርግቶ እግር አውጥቶ ይደርቃል።

አንድ ሰው «በእጅ ስለምትሠሪው ነው፣ ፋብሪካ የሚጠቀምበትን ማሽን ግዢ» አለኝ። ፋብሪካ እንዴት ነው የሚያለብሰው? ያጠራቀምኩትን ብር ከማውጣቴ በፊት የሚያውቅ ይንገረኝ። ቴርሞሜትርም ገዝቼ ነበር፣ እሱም የተበላሸ መሰለኝ፤ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ሳስገባው 94 ላይ ይቆማል።

ዳቦ ቤት፣ ደብረ ማርቆስ

እህቴ እኔ ኬክ ላይ ነው የምጠቀመው፣ ችግር አይቼ አላውቅም። ነክረሽ ስትጨርሺ ቀጥታ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፣ ይጠነክራል። ሲወፍርብሽ ደግሞ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ ይቀጥናል።

የፍኖተ ሰላም ልጅ

ኧረ ጓዴ፣ ውሃ አታስጨምራት! በሞቴ። የቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ ትንሽ ውሃ ጠብ ካለች ስኳሩ እርስ በርሱ ይጣበቅና እንደ ጭቃ ድርቅ ይላል። የድስቱ እንፋሎት ራሱ ጠላት ነው፣ ክዳኑ ላይ ያለው ላብ እንኳ እንዳይንጠባጠብበት። ኬክ ላይ የምትጠቀመው ምናልባት ክሬም ገብቶበት የለሰለሰ ነው፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

እኔ አዲስ አበባ ከረሜላ ፋብሪካ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን ማልበሻው ክፍል። ማሽን ከመግዛትሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪልኝ። አንደኛ፣ ነጩን በጣትሽ እሺው። ከጣትሽ ሙቀት ጋር ቀልጦ ከጠፋ ስብ ነው፤ የካካዎ ቅቤው ወደ ላይ ወጥቶ የደረቀ። ሻካራ ሆኖ አልጠፋ ካለ፣ ጠብታ ውሃ ሲነካው ብቻ ከሟሟ ደግሞ ስኳር ነው፤ እርጥበት አግኝቶት የነበረ። ሁለተኛ፣ የካርቶኑን ጽሑፍ አንብቢልኝ። የካካዎ ቅቤ ነው ያለው ወይስ የፓልም ዘይት?

የምግብ ምህንድስና የተማረ

ቴርሞሜትሩ ደህና ነው፣ እንዳትጥዪው! ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 94 ትክክለኛ ንባብ ነው። ማርቆስ ይዘሽው ብትሄጂ 92 አካባቢ ያሳይሻል።

ለስኳሩም ይጠቅምሻል። የፈረንጅ አሠራር «150 አድርሺ» ካለሽ አንቺ 144 ላይ አውርጂው፣ አለዚያ ያርርብሻል።

ጣፋጭ ከባሕር ዳር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ቴርሞሜትሩን ልሰጠው ነበር።

አሸሁት። አብዛኛው በጣት ይጠፋል። ፍሪጅ ውስጥ የከረሙት ግን ሻካራ ናቸው፣ አይጠፉም። ካርቶኑን አነበብኩ። ሁለት ዓይነት ነው ያለኝ፣ አንዱ የካካዎ ቅቤ ይላል፣ ሌላው የፓልም ከርነል ዘይት። እውነቱን ልናገር፣ አንደኛው ውድ ስለሆነ ግማሽ በግማሽ እየደባለቅኩ ነው የማቀልጠው። ሙቀቱን ለክቼ አላውቅም።

የፍኖተ ሰላም ልጅ

በቃ፣ አገኘነው። ሦስት ጥፋት አለሽ፤ መደባለቁ፣ ሙቀት አለመለካቱና ፍሪጁ። አንዱም ማሽን የሚፈታው አይደለም። ማሽን ገዝተሽ ቢሆን ይሄንኑ ነጭ ነገር በሰዓት መቶ ኪሎ ታወጪው ነበር።

መደባለቁን አሁኑኑ ተዪው። ያ የፓልም ከርነሉ ኮምፓውንድ ይባላል። ሁለቱ ስብ አይዋደዱም፤ ሲደባለቁ ውጤቱ ከሁለቱም የለሰለሰ ይሆናል፣ ቶሎም ነጭ ያወጣል። ጣት ላይ የሚቀረው በዚህ ነው። ድስቱን እንኳ በደንብ ሳትጠርጊ ከአንዱ ወደ ሌላው አትሂጂ።

ኮምፓውንዱን ብቻ ከመረጥሽ ኑሮሽ ቀላል ነው። 40 እስከ 45 ዲግሪ አቅልጠሽ ትነክሪያለሽ፣ አለቀ። ጣዕሙ ያንሳል፣ አፍ ላይ ሰም ሰም ይላል፣ ግን ሙቀት ይችላል። እኛም ፋብሪካ ውስጥ ርካሹን ብስኩት በሱ ነበር የምናለብሰው።

እውነተኛውን ከመረጥሽ ቴምፐር ማድረግ (ሙቀቱን እየለኩ አቅልጦ አቀዝቅዞ በትክክል እንዲረጋ ማዘጋጀት) ግድ ነው። የካካዎ ቅቤ ስድስት ዓይነት ሆኖ ሊረጋ ይችላል፣ እኛ የምንፈልገው አምስተኛውን ብቻ ነው። የሚያብረቀርቀው፣ ሲሰበር ቀጭ የሚለው፣ 33 እና 34 ዲግሪ ላይ የሚቀልጠው እሱ ነው። ዝም ብለሽ አቅልጠሽ ብታስረጊው የተዘበራረቀ ሆኖ ይረጋና በቀናት ውስጥ ራሱን ሲያስተካክል ስቡን ወደ ላይ ይተፋዋል። ያንቺ ሦስተኛ ቀን ማለት ይሄ ነው።

በቤት እንዲህ አድርጊ። ጥቁሩን ቸኮሌት ሦስት ቦታ ክፈዪው። ሁለቱን እጅ 45 እስከ 50 ዲግሪ አቅልጪና ከእሳት አውርጂ። አንዱን እጅ አድቅቀሽ ከትፈሽ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ፣ ሳታቋርጪ አማስይ፣ ሙቀቱ 31 ወይ 32 እስኪደርስ። የምትጨምሪው ግን ራሱ ቴምፐሩን ያላጣ፣ የሚያብረቀርቅ መሆን አለበት፤ እርሾ በይው፣ መጥፎ እርሾ ጥሩ እንጀራ አያወጣም። የወተቱ ከሆነ 29 ወይ 30 ላይ ነው የምትሠሪው። ከዚያ የቢላ ጫፍ ነክረሽ ጥላ ቦታ አስቀምጪ። በ5 ደቂቃ ገደማ አንጸባርቆ ከረጋ ጀምሪ፤ ካልረጋ ገና ነው። በመሃል ከ34 ካለፈብሽ አምስተኛውም ቀልጧልና እንደገና ከመጀመሪያው።

የቡሬዋ

እታለም፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ባሕር ዳር እኩለ ቀን ላይ ይሄን እንዳትሞክሪው! እኔ ቡሬ እንኳ ሆኜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ነው የምጨርሰው። ከረሜላውም ከምድጃ እንደወጣ ትኩሱን አይነከርም፣ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛም አይነከርም። 20 እስከ 24 ዲግሪ ሲሆን ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ ቸኮሌቱ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ እርጥበት ይገባና ስኳሩ ያልበዋል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ኮምፓውንዱ ብዙ ጊዜ የወተት ዱቄት አለበት። «የጾም ነው» ብለሽ ለሱቅ ከመስጠትሽ በፊት አንብቢ። እኔ አንዴ ሳላነብ ሰጥቼ ሁዳዴ ላይ ሰው አስቀይሜያለሁ።

ጣፋጭ ከባሕር ዳር

ውይ፣ እኔ አንብቤ አላውቅም። ግን የማሽኑን አልነገራችሁኝም እኮ። እግር የሚያወጣውስ?

የፍኖተ ሰላም ልጅ

እሺ ማሽኑ። ኢንሮበር ይባላል። ከረሜላው በሽቦ ወንፊት ቀበቶ ላይ ተሰልፎ ይሄዳል። ከላይ ቸኮሌቱ እንደ መጋረጃ ይወርድበታል፤ ጢስ ዓባይን በክረምት አይተሻል አይደል፣ እንደዚያ ነው፣ ግን አንድ ክንድ የምታህል ጢስ ዓባይ። ከቀበቶው ሥር ቸኮሌት ገንዳ አለ፣ ታቹን የሚቀባው እሱ ነው። ቀጥሎ ነፋስ ይነፋበትና ትርፉ ተገፎ ይወድቃል፣ ቀበቶው ደግሞ እየተንቀጠቀጠ ላዩን ያደላድለዋል። መጨረሻ ላይ በፍጥነት የሚሽከረከር ቀጭን ዘንግ አለ፣ ታች የሚንጠለጠለውን ጭራ ይቆርጣል። ያንቺ እግር በፋብሪካ የሚጠፋው በነዚህ ነው።

ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣው ተነል ይገባል። ሰው በረዶ የሆነ ይመስለዋል፣ አይደለም። አየሩ 12 እስከ 15 ዲግሪ ነው፣ መውጫው ላይ ደግሞ ትንሽ ሞቅ ይደረጋል። ቀዝቃዛ ሆኖ ከወጣ የክፍሉ አየር ላዩ ላይ ውሃ ይሆንበታላ። ያንቺ የፍሪጁ ሻካራ ነጭ የመጣው ከዚህ ነው። ወንድሜ ዳቦ ቤት አይቀየመኝ!

የተረፈው ቸኮሌት ተመልሶ ይዞራል፣ ግን በዞረ ቁጥር የረጋው ስብ እየበዛ ይወፍራል። ስለዚህ ከፊሉ ሁልጊዜ 45 ዲግሪ ላይ እንደገና ይቀልጣል፣ እንደገና ቴምፐር ይሆናል። ማሽኑ ሙሉ ቀን የሚሠራው በዚህ ነው። ቧንቧዎቹም ሞቅ ያለ ውሃ የሚዞርባቸው ድርብ ናቸው። አሁን አስቢው፣ መብራት ሲሄድ! አንዴ ጀነሬተሩ አልነሳ ብሎን ቧንቧው ውስጥ ሙሉው ረጋና ቅዳሜን ሙሉ ስንፈታው ዋልን። በትንሽ ቤት፣ ያለ ጀነሬተር፣ እኔ ኢንሮበር ግዢ አልልሽም።

በሹካሽ ተመሳሳዩን ማድረግ ትችያለሽ። ነክረሽ ስታወጪ ሹካውን በድስቱ ጠርዝ ደጋግመሽ መታ መታ አድርጊው፣ እሱ መንቀጥቀጡ ነው። ታቹን በጠርዙ ጥረጊው፣ እሱ ዘንጉ ነው። ትንሿን ቬንትሌተር አንዴ ወደሱ አዙሪ፣ ነፋሱ ነው። ወፍራም ከሆነብሽ ትንሽ የካካዎ ቅቤ ጨምሪበት። ሌሲቲን (ቸኮሌት የሚያቀጥን ቅመም) ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ አለበት፣ አብዝተሽ ብትጨምሪ መልሶ ያወፍረዋል። የምግብ ዘይት አትጨምሪ፣ ያለሰልሰዋል።

ዳቦ ቤት፣ ደብረ ማርቆስ

አልቀየምም፣ ተምሬያለሁ። እውነትም የኔ ክሬም አለው።

ብየዳ ከዳንግላ

እኔ ስለ ቸኮሌት አላውቅም፣ ስለ ብረት ነው የማውቀው። ዳንግላ ላይ ለአንድ ሰው የሚሽከረከር ምጣድ ሠርቼለታለሁ፣ ለውዝ ያለብስበታል። ሲሚንቶ የሚያቦኩበትን ሚክሰር የሚመስል፣ ዘንበል ያለ፣ ስቴንለስ። ሞተርና ጊርቦክስ ነው ያለው፣ በደቂቃ 25 ዙር ገደማ። ከረሜላሽ አራት ማዕዘን ነው ወይስ ክብ? አራት ማዕዘን ከሆነ አይሆንሽም፣ ማዕዘኑ እየተፋጨ ይሰበራል።

የፍኖተ ሰላም ልጅ

ትክክል ነው አያ። ያ ፓን ይባላል፣ ላንቺ የሚሆነውም እሱ ነው፣ ከረሜላውን ትተሽ ፍሬ ለውዙን ከሸፈንሽ። የተቆላ፣ የተገፈፈ፣ በደንብ የቀዘቀዘ ለውዝ ፓን ውስጥ ይሽከረከራል። መጀመሪያ የግራር ሙጫና ስኳር ሽሮፕ በስሱ ታለብሺዋለሽ፣ የለውዙ ዘይት ወደ ቸኮሌቱ እንዳይሰርግ፤ ዘይቱ ከደረሰበት ቸኮሌቱ ይለሰልስና ነጭ ያወጣል። ከዚያ ቸኮሌቱን በጭልፋ ጥቂት ጥቂት፣ ቀዝቃዛ አየር እየነፋሽ። አንዱ ሳይረጋ ሌላ አትጨምሪ፣ አለዚያ ሁሉም ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ይሆናል። እየተፋጨ ስለሚረጋ እንደ መንከሩ ጥብቅ ቴምፐር አይጠይቅም፣ ለጀማሪ ደግ ነው። አዳር ካረፈ በኋላ በግራር ሙጫ፣ መጨረሻ ላይ በሼላክ (ለምግብ በሚሆን የሚያብረቀርቅ ሙጫ) ይወለወላል፤ ያ የመስታወት መልክ የሚመጣው ከዚያ ነው። መብራት ቢጠፋ ደግሞ የሚረጋ ቧንቧ የለም። እጅሽን አስገብተሽ ታወጪዋለሽ።

ጣፋጭ ከባሕር ዳር

ሳምንት ጠፋሁባችሁ፣ እየሞከርኩ ነበር። ሦስት ትሪ ሠራሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሁለቱን ዓይነት ሳልደባልቅ። ሁለቱ ትሪ በእውነተኛው ነው። የመጀመሪያው 36 ደርሶብኝ ሳላውቅ ነከርኩበት፣ እሱ በአራተኛው ቀን ነጭ አወጣ። ሁለተኛው 31 ላይ ነው፣ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው፣ ፊቴን አየሁበት! ሲሰበርም ቀጭ ይላል። ሦስተኛውን ለመተማ ነጋዴ በኮምፓውንድ ሠራሁት፣ እዚያ ሙቀቱ አይቻልም፣ እውነተኛው መንገድ ላይ ሾርባ ይሆናል። እግሩ ግማሹ ጠፍቷል፣ ግማሹ የእጄ ነው።

የመለሰብኝ ባለሱቅ አንድ ካርቶን ወሰደ። እስከ እሁድ አያለሁ ብሏል።

ኢንሮበሩን ትቼዋለሁ። ወንድሜ ብየዳ፣ 10 ኪሎ የሚይዝ ፓን ስንት ትሠራልኛለህ? ሰሊጥስ በሱ ይሄዳል?

የፍኖተ ሰላም ልጅ

ሰሊጥ ብቻውን አይሄድም፣ በጣም ትንሽ ነው፣ ይጠቀለላል። በማር አድቦልቡለሽ፣ አድርቀሽ፣ ድቡልቡሉን ነው የምታስገቢው።

ብየዳ ከዳንግላ

ስልክሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ በብረቱ ውፍረት ነው ዋጋው። ሞተሩን አንቺ ካመጣሽ ይቀንሳል። ስትመጪ ሁለት ኪሎ ለውዝ ይዘሽ ነይ፣ እዚሁ እናሽከረክረውና ዘንበል ማለቱን እናስተካክላለን።