የዲፖዚሽን ቀጠሮ ደረሰኝ፣ ምን ልዘጋጅ?

ሰላም ወገኖቼ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በመኪና አደጋው የካሳ ክስ ለዲፖዚሽን (ከችሎት በፊት ምሎ ቃል ለመስጠት) ተጠርቻለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ያለፈበት ሰው አለ?

መልስ፦

አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አምና አልፌበታለሁ። ዳኛ የለም። የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ምለሽ ትቀመጫለሽ፣ የዚያኛው ወገን ጠበቃ ይጠይቅሻል፣ ጸሐፊዋ ከአፍሽ የወጣውን ሁሉ ትመዘግባለች።

ከአፍሽ የወጣውን ነው ያልኩሽ። እኔ እንደ አገሬ ልማድ ትንፋሼን ሳብ አድርጌ «አዎ» ስል ሴትዮዋ እጇን ከመሣሪያው አንስታ ታየኛለች። ጠበቃው «አመመህ እንዴ?» አለኝ። ለካ ለፈረንጅ የደነገጥን ነው የምንመስለው። ድምፅሽን አውጥተሽ መልሺ።

ሰዓት ደግሞ ጉድ ሊያደርገኝ ነበር። አደጋው ሁለት ሰዓት ላይ ነው አልኩ። አስተርጓሚው «ቱ ኦክሎክ» ብሎት አረፈ። የፖሊስ ሪፖርቱ ግን ከጠዋቱ 8፡00 ይላል። ጠበቃዬ በእረፍት ሰዓት ነቅታበት ስንመለስ አስተካከልነው እንጂ ውሸታም ልባል ነበር።

የሕክምና ካርድሽን ከጠበቃሽ ጋር ሳታነቢ እንዳትገቢ። እኔ ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለኝ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬው ኖሮ፣ ካርዴ ላይ ሰፍሮ ጠበቃው ቁጭ ብሎ አነበበልኝ። ጀርባዬ ያኔም እየነደደ ነበር።

ይሉኝታም ይቅርብሽ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ለአደጋው ትንሽ እንኳ ጥፋት አለብሽ ከተባለ ካሳው ጭራሽ ሊቀር ይችላል። ዲሲም ለአሽከርካሪ እንዲሁ ነው። ፈጥነሽ ነድተሽ ከሆነ እውነቱን ተናገሪ፣ ምለሻላ። ግን ለጨዋነት ብለሽ «ምናልባት እኔም...» አትበይ። ካላስታወስሽ «አላስታውስም» በቂ መልስ ነው። የተጠየቅሽውን መልሰሽ ዝም በይ። ጠበቃው ሆን ብሎ ዝም ሲል ያንን ዝምታ አንቺ አትሙይለት፤ እኔ የሞላሁት ሳልጠየቅ የድሮ የወገብ ሕመሜን እያወራሁ ነው።

ጠበቃሽ «ኦብጀክሽን» (ተቃውሞ አለኝ) ስትል አቁሚ። «አትመልሺ» ካላለችሽ ትቀጥያለሽ። የተጻፈውን አንብበሽ ማረም እንደምትፈልጊ ቀድመሽ ንገሪያት። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብለሽም አስተርጓሚ አትተዪ።

ጠያቂዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። የእኔም ካርድ ላይ «ፋይን» የሚል አይጠፋም፣ ነገ ደውዬ ካርዱን አስወጥቼ አየዋለሁ። ትንፋሽ መሳቡን እንኳ እንዴት እንደምተወው እንጃ።